የፉአድ ሊዝ

ፉአድ ጫካ ተከራየሁ ሲለኝ አላመንኩትም። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። ከሥራ ወጥቼ ክሪስታል ሲቲ ባቡር ስጠብቅ ደወለልኝና ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ አየሩ ሁሉ ከጠየቀኝ በኋላ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ሆኖ፣ ዘንድሮ አብረን አንወጣም፣ ሊዝ ገብቻለሁ አለኝ። ከማን ጋር አልኩት። ከሰዎች ጋር አለ። የት ነው አልኩት። ራቅ ይላል አለ። ባቡሩ መጣ ብዬ ዘጋሁት። ባቡሩ አልመጣም ነበር።

ስሜ ተሻገር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ፤ ክሪስታል ሲቲ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ። ፉአድ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ነው፣ አውቶቡስ ይነዳል። የተዋወቅነው ሁለታችንም አዲስ መጤ ሳለን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ስንሠራ ነው። አደን ያስጀመረን እዚያው አብሮን ይሠራ የነበረ የዚህ አገር ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ጡረታ ወጥቶ ወደ ልጆቹ ሄደ፤ እኛን ግን ልክፍቱ ያዘንና በየዓመቱ ኅዳር ሲገባ ድንኳናችንን ጭነን ወደ ቨርጂኒያ ተራሮች መውጣት አመል ሆነብን።

የምንወጣው ወደ ሕዝብ መሬት ነው። የሕዝብ መሬት ማለት ፈቃድ ያወጣ ሁሉ የሚገባበት የመንግሥት ደን ነው፤ ዛፉ ላይ የማንም ስም የለም፣ ቀድሞ የደረሰ ጥሩውን ቦታ ይይዛል፣ የዘገየ ሌላ ሸለቆ ይፈልጋል። ሊዝ ሌላ ነው። ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የአንድ ገበሬን ጫካ ለአደን ወራት ይከራያሉ፤ በሩ ይቆለፋል፣ ዛፉ ላይ «መግባት ክልክል ነው» ይለጠፋል። ሊዝ የሚባለውን ቃል ከአዲስ አበባ ይዤው ስለመጣሁ ገና ስሰማው ያስጠላኛል። ፉአድ ደግሞ ከእኔ የባሰ ነበር። ጫካን እንደ አፓርታማ የሚከራይ ሰው ነገ ለወፏም ኪራይ ይክፈል እያለ ሲያላግጥ የኖረ ሰው ነው። እንግዲህ ሊዝ ገባሁ ያለኝ እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለእኔ አጋዘኑ ሰበብ ነው። የምወደው ካምፑን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰዓቱን ሳያይ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጨርስ ሰው አላውቅም፤ ሁሉም ቀጣይ ፈረቃ አለበት። ካምፕ ላይ ስልክ አይሠራም። እርጥብ እንጨት አልነድ ብሎ በጭስ እየታፈንን፣ ካልሲያችንን እሳት ዳር አስጥተን፣ ጭስ ጭስ የሚል ሻይ እየጠጣን፣ ስንት ጊዜ የተጨቃጨቅንበትን ነገር እንደ አዲስ እንጨቃጨቃለን። ፉአድ ያንኮራፋል። እኔ ደግሞ፣ እሱ እንደሚለው፣ በእንቅልፌ ከአለቃዬ ጋር እጣላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ቧንቧ ለቧንቧ ስሳብ የምጠብቀው ይህንን ነው።

ሥጋችን ግን አይገናኝም። እኔ ክርስቲያን፣ እሱ ሙስሊም፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሕግ አለን። እሱ የመታውን እሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፣ እኔ የመታሁትን እኔ በስመ አብ ብዬ። ተሸክመን ስንወርድ እንተጋገዛለን፤ ቢላና ድስት ግን የየራሳችን ነው። አብረን የምንበላው ምስርና ሽሮ ነው። ለነገሩ ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ እኔ የገደልኩትን ቆራርጬ ፍሪዘር ከትቼ ገናን ነው የምጠብቀው፤ በዚህም ሲስቅብኝ ይኖራል። እንዲህ ሆነን አንድም ቀን ቅር ተሰኝተን አናውቅም፤ ወይም እኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ፣ የምስራች፣ ነገሩን ስነግራት ድንች መላጧን እንኳ አላቆመችም። ከወገኖቹ ጋር ሄዷል አለች፤ ለእሱም አንድ ድስት ይሻለዋል፣ አንተም ብትሆን የራስህን ሰዎች ፈልግ። እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም ብዬ ተቆጣኋት። ነገሯ ግን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር አብሮኝ ዋለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለፈውን ዓመት ማገላበጥ ያዝኩ። የመጨረሻው ጉዟችን ላይ ገና አንድ ቀን ሲቀረን ራሴን አመመኝ ብሎ ድንኳኑን ያፈረሰው ለምን ነበር? መንገዱን ሙሉ ዝም ብሎ የነዳውስ? ከዚያ ወዲህ ቤቴ የመጣው መቼ ነው? በልጄ ምረቃ እንኳ ከበር ላይ ስጦታውን ሰጥቶ ፈረቃ አለብኝ ብሎ ተመልሷል። ለካ ነገሩ የቆየ ኖሯል አልኩ።

ይህን ጊዜ ነው ማቲያስ የመጣብኝ። ማቲያስ የደብራችን ልጅ ነው፤ ሀያትስቪል ቤት ገዝቶ የሚኖር፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ጎልማሳ። ከጓደኞቹ ጋር የያዙት ሊዝ አለ፤ አንድ ሰው ለቆባቸው ምትክ ይፈልጋሉ። ወስዶ አሳየኝ። ጎጆዋ ማሞቂያና አልጋ አላት። ዛፍ ላይ የታሰሩት ካሜራዎች አጋዘን ባለፈ ቁጥር ስልኩ ላይ ፎቶ ይልካሉ። ዛፍ ላይ የተሰቀሉት መጠበቂያዎች ቁጥር አላቸው፤ ማን መቼ የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ በስልክ ይያዛል። ሁሉም የደብራችን ልጆች ስለሆኑ ድስቱም አንድ ነው። ምንም አይጎድለውም። እሳት የምታነዱበት ቦታ የቱ ነው ብዬ ስጠይቀው ግን ሳቀ፤ ኢንሹራንሱ አይፈቅድም አለኝ። ስንመለስ መኪና ውስጥ የፉአድን ነገር አወራሁት።

«ጋሽ ተሻገር፣ ሊዝ የገባ ሰው ቦታውን አይደብቅም» አለኝ። «እኛ ራሳችን ለሰው ሁሉ አይደል ሾው የምናደርገው? ያቺን ስፖታችሁን ለሌሎች ሰዎች ሰጥቷታል። ሊዝ ገባሁ ያለዎት እርስዎ ሄደው እንዳያገኟቸው ነው።»

እኔ ያላሰብኩትን ልጁ አሰበልኝ። የሕዝብ መሬት ላይ ቦታ የሚጠበቀው በአጥር ሳይሆን በዝምታ ነው፤ ጥሩ ሸለቆ የሚያውቅ ሰው ለወንድሙም አይናገርም። እኛ የምናድንበትን ሸለቆ ያገኘነው ደግሞ ሁለታችን ነን፤ ስንት ቅዳሜ ተንከራተን። ለማቲያስ ታንክስጊቪንግ ከሚባለው የዚህ አገር በዓል በኋላ ባለው ቅዳሜ መልስ ይዤ እመጣለሁ አልኩት።

አደኑ ከተከፈተ በኋላ ለፉአድ ደወልኩ። ሊዝህ እንዴት ነው አልኩት፣ ድምፄን አለስልሼ። ጥሩ ነው አለ። አንድ ባለ ትልቅ ቀንድ ጥያለሁ አለ። ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ሳላነሳው ቀረሁ አለ። ፉአድ ሽኮኮ ዛፍ ላይ ቢያይ እንኳ ፎቶ የሚልክ ሰው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቅመሱልኝ ብሎ ሥጋውን ቤቴ ያመጣ ነበር፤ የዋሸ እንደሆነም በዚያው ይያዝ ነበር። የፉአድን ሥጋ ግን እንደማልጠይቅ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ገደልኩ ቢለኝ የማረጋግጥበት መንገድ የለኝም። ስንት ዓመት በፍቅር የኖርንበት ሁለት ድስት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የመደበቂያ ቦታ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን ሴቨን ኮርነርስ ያለ ሱቅ ቅመም ልገዛ ገብቼ ረውዳን፣ የፉአድን ሚስት፣ አገኘኋት። የበግ ሥጋ እያስመዘነች ነበር። ያ ሁሉ አጋዘን ፍሪዘር ሞልቶ በግ ምን ያደርግልሻል ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ በየሳምንቱ ባሌን እየወሰድክ ባዶ እጁን የምትመልስልኝ ምን በድዬህ ነው?» አለች እየሳቀች። «ከተሻገር ጋር ነኝ ስለሚለኝ ነው እንጂ ብቻውን ቢሆን አላስወጣውም ነበር።»

አጋዘኑ ዘንድሮ ጠፋ አልኳት። ለምን እንደዋሸሁለት እንጃ። ቅመሙንም ሳልገዛ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ሞተር ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ለእኔ ከሊዝ ሰዎች ጋር ነኝ ይላል፤ ለሚስቱ ከተሻገር ጋር ነኝ ይላል። ሴት ትሆን? ሴት የያዘ ሰው በዚህ ብርድ ስሊፒንግ ባግ ጭኖ ተራራ አይወጣም። የማቲያስ ቃል ነው እውነቱ አልኩ። ሚስቱ የማታውቃቸው፣ እኔ የማላውቃቸው ሰዎች አሉ። ያመመኝ ሸለቆው አልነበረም። እሳቱ ዳር ሌላ ሰው እኔ ቦታ ላይ ተቀምጦ ከፉአድ ጋር ሲጨቃጨቅ ታየኝና እንደ ሕፃን ቀናሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኔንና ጠመንጃዬን ጭኜ ወጣሁ። ለየምስራች ወደ ማቲያስ ሊዝ ነው የምሄደው አልኳት። ሐሳቤ መጀመሪያ የድሮ ቦታችን ሄጄ ፉአድን ከነሰዎቹ እጅ ከፍንጅ መያዝ፣ ሊዝህ ይህ ነው ወይ ብዬ ማሳፈር፣ ከዚያ ማቲያስ ጋ ሄጄ ቁልፉን መቀበል ነበር። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ተለማመድኩ። አንዳንዱ ስድብ ጥሩ ስለወጣልኝ ደጋገምኩት።

እኩለ ቀን ሳይሆን ደረስኩ። የጠጠሩ መንገድ መጨረሻ ላይ የፉአድ መኪና ብቻዋን ቆማለች። አንድ ላይ ተጭነው መጥተዋል አልኩ። አዳኝ ከሩቅ እንዲለይ የሚለብሰውን ብርቱካንማ ሰደርያዬን ለብሼ፣ ጠመንጃዬን መኪናዬ ውስጥ ቆልፌ፣ ቅጠሉ እንዳይንኮሻኮሽ እየተጠነቀቅሁ በወንዙ ዳር ወረድኩ። በሰው ላይ አድፍጬ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አይልም። ድንኳኑ ታየኝ። እሳቱ ዳር አንድ ሰው ብርቱካንማ ኮፍያ አድርጎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ሌሎቹ ከጫካ እስኪመለሱ ዛፍ ተገን አድርጌ ቆምኩ። ማንም አልመጣም። ሰውዬው ሻዩን አማሰለ፣ ብቻውን የሆነ ነገር ተናገረ፣ ራሱ በተናገረው ሳቀ።

«ሰዎቹስ?» አልኩት ከኋላው።

ፉአድ ብድግ ብሎ ዞረ። መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፤ የለበስኩትን ነው። ሰደርያዬን ካየ በኋላ ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

«የሉም» አለ።

«ሊዙስ?»

«ሊዝ የለም።»

ጠመንጃህስ አልኩት። መኪና ውስጥ ነው፣ ጥይት አላመጣሁም አለ። ያ ሁሉ የተለማመድኩት ስድብ የት እንደገባ እንጃ። ያን ጊዜም ግን አላመንኩትም፤ ሄጄ የድንኳኑን በር ገልጬ ውስጡን አየሁ። አንድ ስሊፒንግ ባግ፣ አንድ ድስት፣ የሽሮ ዕቃ። ስጨርስ ፉአድ ሻይ ቀዳልኝና ተቀመጥ አለኝ።

እሳቱን እየቆሰቆሰ ነው የነገረኝ። ባለፈው ዓመት ያቺ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ኅዳር ጽዮን ነበረች። ካምፕ ላይ ስሆን ጠዋት ነጠላዬን መስቀለኛ ለብሼ ጥቂት እጸልያለሁ፤ ከዚያ ሰደርያዬን አድርጌ ጋራው ላይ ወዳለው መጠበቂያዬ እወጣለሁ። ፉአድ የራሱን የንጋት ስግደት አድርሶ ከእኔ ቀድሞ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። የዚያን ቀን ግን በዓል ነውና ጸሎቱን አስረዘምኩ፤ የውኃው ድምፅ ደስ ስለሚለኝም ወንዙ ዳር ወርጄ እዚያ መስገድ ያዝኩ። እሱ ሸለቆው ውስጥ አጋዘን አይቶ በወንዙ ሽቅብ ሲከተል ኖሯል። እኔ ጋራው ላይ እንደወጣሁ እርግጠኛ ነው። የዚህ አገር አጋዘን ደግሞ ሲደነግጥ ጅራቱን ሽቅብ ያነሳል፤ ከሥሩ ያለው ንጣት ከሩቅ ብልጭ ይላል። ፉአድ በቁጥቋጦው መካከል ነጭ ነገር ብድግ ዝቅ ሲል አየ።

«ቢስሚላህ ብያለሁ» አለኝ። «ሴፍቲውን ከፍቻለሁ፣ ጣቴ ቃታው ላይ ነው። ከዚያ ነጩ ነገር ቀና አለና እጁን ዘረጋ። አንተ ነህ።»

እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር። ጸሎቴን ጨርሼ፣ ነጠላዬን አጥፌ፣ ወደ ድንኳኑ ተመልሼ ሻይ ጥጄ ነበር። ፉአድ ከጫካ ወጥቶ ራሴን አመመኝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ እንዴት ቤት ድረስ መንዳት እንደቻለ አያውቅም። ወራት ሙሉ ዓይኑን በከደነ ቁጥር የሚታየው ግን የእኔ መሞት አይደለም፤ ይህን ሲናገር አፈረ። የሚታየው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው።

«ፉአድ ተሻገርን ሲሰግድ ገደለው» አለኝ። «እንዲህ ነው የሚባለው። አጋዘን መስሎኝ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ደብርህ ይሰማኛል? የምስራች ትሰማኛለች? እንኳን እነሱ፣ የእኔዎቹም ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቁኝ ነበር። ረውዳና ልጆቼ በየትኛው መንገድ ያልፋሉ?»

ስለዚህ ከእኔ ጋር ጠመንጃ ይዞ ጫካ ላለመግባት ማለ። አልሄድም ብሎ ዝም እንዳይል እኔ ለምን ብዬ እንደማልለቀው ያውቃል፤ ሊዝ ያለው ለዚህ ነው። እኔ ብቻዬን ተራራ እንደማልወጣም ያውቃል። ካምፑን ግን መተው አቃተው። ረውዳ ብቻህን አትሄድም ብላ እንዳትከለክለው ስሜን ተጠቀመ፣ ጥይቱን አልማሪ ውስጥ ትቶ በየሳምንቱ እየመጣ እዚህ ይቀመጣል። እንጨት ይሰብራል፣ ሽሮ ይሠራል፣ እኔ የምመልስለትን ራሱ እየመለሰ ይጨቃጨቃል። ያ ባለ ትልቅ ቀንድ አጋዘንም የለም።

ምን ማለት እንደሚገባኝ አውቅ ነበር። እንኳን እግዚአብሔር አተረፈን፣ ወንድሜ፣ ይህን ሁሉ ብቻህን ተሸክመህ ኖርክ ማለት ነበረብኝ። ግን ጀርባዬ ላይ ያቺ የጠመንጃ አፍ ገና አሁን የመጣች መሰለኝ። ወራት ሙሉ የለመድኩት አመል ደግሞ አለ፤ የነገሩኝን ነገር ገልብጦ ማየት። አፌ ቀደመኝ።

«ካወቅኸኝ በኋላ ስንት ቆየህ?»

«ምኑን?» አለ ፉአድ።

«ጠመንጃውን ሳታወርድ።»

ማንኪያውን አስቀመጠው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ይህንን ጥያቄ ነው» አለ። «ሳልተኩስብህ እንዲህ ከጠየቅኸኝ፣ ተኩሼብህ ብትተርፍ ምን ልትለኝ ነበር?»

አምንህ ነበር ብለው እንደምዋሽ ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሰው ልይዝ ዛፍ ሥር ያደፈጥኩ፣ ድንኳኑን የፈተሽኩ እኔ ነኝ። አፈርኩ። ከልቤ አፈርኩ። አላምንህም ነበር አልኩት። አውቃለሁ አለና እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረ።

ማቲያስ ጋ አልሄድኩም። ድንኳኔን አውርጄ ከእሱ ጎን ተከልኩ፤ ጠመንጃዬ ከመኪናው አልወጣም። ሽሮውን አብረን በላን፣ ስለ አውቶቡሱ አዲስ መስመር አወራን፣ እንደ ድሮው ለመጨቃጨቅም ሞከርን፤ ግን እሱም እኔም ቶሎ ቶሎ እንስማማ ነበር። እሁድ ዕቃችንን ስንጭን ይቅር በለኝ አልኩት። እሺ አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ መኪናው ውስጥ ገባ።

ዘንድሮም ኅዳር እየመጣ ነው፤ ካምፑ አለ፣ ያለ ጠመንጃ እንወጣለን ተባብለናል። ያቺን እሺ ግን እስከ ዛሬ እያገላበጥኩ፣ ከልቡ ነች ወይስ ሊገላገለኝ ነው እላለሁ።